ደሴት ስንሄድ ወጥ የሚሠራው ማን ነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናታችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ከቤቷ ወጥታ ሌላ ከተማ ያደረችው ለምን ነበር? ቆይ፣ አትቸኩሉ፤ ረጋ ብላችሁ አስቡት። ለቅሶ? ሰርግ? የዘመድ ልጅ ክርስትና? ጸበል? ወይስ ቁልቢ? እንዲያው ዝም ብላ ለማረፍ፣ ውሃ ዳር ቁጭ ብላ እግሯን ለመዘርጋት የወጣችበትን ቀን የሚያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ! እኔ ሰፈሬን ሁሉ ጠይቄ አንድ ልጅ ብቻ «የኔ እናት ሐዋሳ ሄዳ ነበር» አለኝ። ጠጋ ብዬ ስጠይቀው ጉዞው የተጣሉ እህትማማቾችን ለማስታረቅ ሆኖ ተገኘ።

በኛ አገር ቤተሰብ ተሰብስቦ መንገድ የሚወጣው ሰው ሲሞት ወይም ሰው ሲዳር ነው። ሽርሽር የፍቅረኛሞች፣ የጎረምሶች፣ ያም ካልሆነ የፈረንጅ ሥራ ነው። «ከቤተሰቤ ጋር ልዝናና ነው» ብትሉ ሰዉ ፋራ ይላችኋል፤ እናቶች ደግሞ «ገንዘቡ ተርፏችሁ ነው?» ይላሉ። እንግዲህ ሰሞኑን እኛ ቤት የታቀደው ይሄው ነው፤ የቤተሰብ ሽርሽር፣ ያውም ደሴት! ስድስት ነፍስ ነን፤ እናቴ፣ አክስቴ፣ ታላቅ እህቴ፣ የእህቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ።

ነገሩ የተነሣው በእህቴ ነው። እኔና ወንድሜ «እትዬ» ነው የምንላት። ወደ አረብ አገር ለሥራ መሄድ በ2006 ዓ.ም. ታግዶ ቆይቶ በ2010 እገዳው ሲነሣ ፓስፖርት ለማውጣት ከተሰለፉት አንዷ እሷ ነበረች። በ2011 ጅዳ ገባች። ስትሄድ አንድ ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ ነበረቻት፤ ልጅቷን እናቴ አሳደገቻት። ዛሬ ስምንት ዓመቷ ነው። አያቷን «እማዬ» ትላለች። እናቷን ደግሞ እኛ በስልክ ስንጠራት የሰማችውን ይዛ «እትዬ» ነው የምትላት። የወለደቻትን እናቷን! እትዬ ይሄን ስትሰማ ምንም አትልም፤ ፈገግ ትላለች። ያቺን ፈገግታ ግን ባታዩት ይሻላል።

አሁን በሁለት ወር ፈቃድ መጥታለች። ከሄደች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ከሁለቱ ወር አምስት ሳምንቱ አለቀ። በምን አለቀ አትሉኝም? በ«እንኳን ደህና መጣሽ» አለቀ! ጠዋት ቡናውን ራሷ ታፈላለች፤ ከሰዓት እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳው ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። የአጎታችን ጣሪያ ያፈሳል። የአጎታችን ልጅ ስልኩ ተሰብሯል። የጎረቤት ልጅ «ቪዛ ላኪልኝ» ትላለች። አንዷ ዘመድማ ሻንጣውን ራሷ ከፍታ የወደደችውን ሽቶ መርጣ ሄደች። እትዬን አንድም ቀን እስከ ሦስት ሰዓት ተኝታ አላየኋትም። አንድ ማታ ለወንድሜ «ይቺን ልጅ ይዘናት ከዚህ ግርግር ለሁለት ቀን እንኳን እንጥፋ» አልኩት። ውሃ መሐል ገብተን ማንም «እንኳን ደህና መጣሽ» ሊል የማይደርስበት ቦታ… ደሴት የሚለው ሐሳብ የመጣው እንደዚህ ነው።

መጀመሪያ የታሰበው ባሕር ዳር ነበር። የጣና ገዳማት ሲነሡ እናቴ ዓይኗ በራ። ግን እኛ ቤት አራት ሴትና ሁለት ወንድ ነው ያለው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ ሴት አይገባባቸውም። እኔና ወንድሜ ተሳልመን እስክንወጣ አራቱ ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲጠብሳቸው ሊቆዩ? በእርግጥ እንጦስ ኢየሱስ ሴቶች ይገባሉ፤ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትም እንደዚያው። ሆኖም መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ያንን መንገድ ልጅና አሮጊት ይዞ በመኪና ሂድ ብዬ ማንንም አልመክርም። ተወው።

ሁለተኛው ወንጪ ነበር። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ሐይቅ፣ መሐሉ ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለባት ደሴት። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ የመረጣት ቦታ ናት፤ ውበቷ አያጠያይቅም። ብርዱስ? ሐይቁ ያለው ከ2800 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። የእናቴ ጉልበት ደግሞ ብርድን ገና ከሩቁ ነው የሚያውቀው። ፍቅረኛ ይዛችሁ ከሆነ ወንጪ ሂዱ፤ ብርዱ ጥቅም አለው!

ስለዚህ ዝዋይ ሆነ። ዛሬ ከተማዋ ባቱ፣ ሐይቁም ደምበል ይባላሉ፤ እኛ ቤት ግን አሁንም ዝዋይ ነው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞጆ በመቂ አድርጎ ባቱ የሚደርሰው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል። አገሩ ቆላ ነው፤ የእናቴ ጉልበት ይወደዋል። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንድሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ስሙም በኦሮምኛ «ትልቁ ተራራ» ማለት ነው። የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ያለው እዚያ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው 70 ዓመት ያኖሯት እዚህ ደሴት ላይ ነው። እናቴ ይሄን ስትሰማ ስለ ጣና ማልቀሷን አቆመች። «እንዲህ ቅርብ ሆኖ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም?» ብላ እኛኑ ተቆጣች።

ደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት ዛዮች ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ከስልጤና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር የሚዛመድ። ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ያርሳሉ። ስለዚህ ስትሄዱ ባዶ መዝናኛ ሳይሆን የሰው ቀዬ እየገባችሁ መሆኑን አስታውሱ፤ ካሜራ ከመደገናችሁ በፊት ሰላምታ ይቅደም። ለገዳሙም ነጠላና ረጅም ቀሚስ ያዙ።

ወሬ ብቻ ተማምኖ እናትን ጀልባ ላይ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ባለፈው ወር ከወንድሜ ጋር ከቃሊቲ መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሥተን ልናየው ሄድን። የጀልባው ማረፊያ ስትደርሱ የሚቀበሏችሁ አባ ኮዳዎች ናቸው። መላጣቸውን ገትረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ ይመስል ቆመው የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፤ ልክ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሹም! ፔሊካኖቹ ደግሞ ውሃው ላይ ተንሳፈው እነሱን ይታዘባሉ። የእህቴ ልጅ እነዚህን ስታይ የምትስቀው ሳቅ ከወዲሁ ይሰማኛል።

ያነጋገርነው የመጀመሪያው ባለ ጀልባ ዋጋው ርካሽ ነበር። «የውሃ ላይ ጃኬት ስንት አለህ?» አልኩት። «ሁለት» አለ። «እኛ ስድስት ነን» ስለው «ኧረ ወንድሜ፣ ሐይቁ እኮ ጥልቅ አይደለም» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ የዝዋይ ሐይቅ ጥልቀቱ ቢበዛ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። ለመስጠም ግን ዘጠኝ ሜትር ያስፈልጋል እንዴ? ሁለተኛው ሰውዬ ዕድሜ ጠገብ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጃኬቱ ግን ስምንት ነው፤ አንዱ የልጅ። ቀለሙ ለቋል፤ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርጌ አየሁት፣ ይዟል። «ጋሼ፣ ከሰዓት ብንነሣስ?» ስለው «ጠዋት አንድ ሰዓት ከሆነ እሺ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሣል፤ እሱን እኔ አላዘውም» አለኝ። ከሱ ጋር ተዋዋልን። ቱሉ ጉዶ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከተማው ውስጥ ማደር የግድ ነው። እናንተም ስትዋዋሉ ዋጋው በሰው ነው በጀልባ ብላችሁ ጠይቁ፤ ለኛ የተነገረን በጀልባ ነው። ደግሞ ደሴቱ ላይ ጠብቆ መመለስን ይጨምራል ወይ በሉ። ይሄን ሳይጠይቁ የሄዱ ሰዎች ለመመለሻው ሌላ ክርክር ጠብቋቸዋል።

ከዚያ ተመልሰን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ዕቅዱን ማውጣት ጀመርን። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እናቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጥታ «ጻፍ» አለችኝ። አርባ እንጀራ። ዶሮ ወጥ። ቀይ ሥር፣ ድንች። ድፎ ዳቦ። ምድጃ፣ ከሰል፣ ጀበና፣ ስኒ። ሰሐን። ምንጣፍ። ጻፍኩ፣ ጻፍኩ፣ እጄ ዛለ። «ይሄን ሁሉ ማን ይሠራዋል?» አልኩ። «እህትህ አለች አይደል? እኔም አግዛታለሁ» አለች፤ በጣም በቀላሉ፣ ጨው አቀብለኝ እንደማለት። ወንድሜ ደግሞ ከወዲያ በኩል «ሒሳቡስ?» አለና ራሱ መለሰው፤ «ስፖንሰራችን አለች!» ሁሉም ሳቀ። እትዬም ሳቀች።

ሳቁ ሲያልቅ «እዚያም ባሕር ስንሄድ የምሠራው እኔው ነኝ» አለች።

ማንም ምንም አላላትም፤ እሷ ግን ቀጠለች። አሠሪዎቿ ዕረፍት ሲወጡ ይዘዋት ይሄዳሉ። ጅዳ እኮ ቀይ ባሕር ዳር ነው ያለው። ምንጣፉን የምትሸከም እሷ፣ ከሰሉን የምታቀጣጥል እሷ፣ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ዳር ቆማ ፎጣ የምትይዝ እሷ። ለሷ ሽርሽር ማለት ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። «ሰባት ዓመት ሙሉ ባሕሩ እግሬን ነክቶት አያውቅም» አለች። «ማታ የልጆቹን አሸዋ የማጥበው ግን እኔ ነኝ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ወንድሜ ስልኩን ማየት ጀመረ። እኔ ወረቀቱን ገለበጥኩትና በጀርባው ሌላ ጻፍኩ። አንደኛ፣ እትዬ አትሠራም። ሁለተኛ፣ እትዬ አትከፍልም። ሦስተኛ፣ እትዬ ዕቃ አትሸከምም፤ የራሷን ቦርሳ እንኳን።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው? ዝም ብላ ልትቀመጥ?» አለች እናቴ።

«አዎ፣ ዝም ብላ ልትቀመጥ» አልኳት።

«እኔስ መች ዝም ብዬ ተቀምጬ አውቃለሁ?»

እናንተዬ፣ ለዚህ ምን ይመለሳል? እናቴ ክፉ ሆና አይደለም። ሴት ልጅ ካለች ሥራው ተያዘ ማለት ነው፤ እሷም ያደገችው በዚያ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳን ጓዳ ገብታ ሽንኩርት የምትከትፈው እሷ ናት። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የእናቴንም ስም ከእትዬ ስም ጎን ጻፍኩት። አርባው እንጀራ ተሰረዘ። ዶሮዋም ነፍሷ ተረፈች። ቅዳሜ ምሳ ከደሴቱ ስንመለስ ከተማው ውስጥ ዓሣ ይበላል፤ ጥብሱ፣ ጉላሹ፣ ሾርባው ዝዋይ ሞልቶ የተረፈ ነው። ጀልባ ላይ ቆሎ፣ ዳቦና ሙዝ ይበቃል። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ። «የወንድ ቡና!» ብላ አክስቴ ፊቷን አጨማደደች፤ ቢሆንም ቆሎውን እሷ እንደምትችል ቃል ገብታለች።

የገንዘቡ ነገር ከምግቡ ይልቅ ከበደ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚህም እዚያም እየጫርኩ የምኖር ችስታ ነኝ። ደግነቱ ከሰፈር ልጆች ጋር የምጥለው ዕቁብ በሁለተኛው ዙር ወጣልኝ። ወንድሜም ስልክ ከሚጠግንበት ቤት የወር ደመወዙን ግማሽ ሰጠ፤ «ስፖንሰር» ያለው አፉ አሳፍሮት መሰለኝ። የሰፈራችን ልጅ ሚኒባሱን በነዳጅና በአበል ይዞልን ይሄዳል። እትዬ ይሄን ሁሉ ስታይ ማታ ላይ የታጠፈ ብር ኪሴ ውስጥ ልትከት ሞከረች። መለስኩላት። እንደገና ሰጠችኝ፤ እንደገና መለስኩ። ያኔ ተቆጣች፤ የምሯን ተቆጣች። «ገንዘቤን ካልፈለጋችሁት እኔን ምን ልታደርጉኝ ነው?» አለችኝ።

ይሄን ቃል እስካሁን እያሰብኩት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከኛ ጋር የተገናኘችው በምትልከው ብር ነው። የቤቱ በር፣ ፍሪጁ፣ የልጇ ዩኒፎርም፣ የወንድሜ የሥልጠና ክፍያ… ብሯ ከእጇ ሲመለስላት ከቤት የተባረረች መሰላት። እኔም መልስ አጣሁና «ትቀመጪልናለሽ» አልኳት። አልገባትም መሰለኝ፤ ብሩን ግን ያዘችው።

አረብ አገር እህት ወይም እናት ያላችሁ ልጆች፣ ከፈለጋችሁ ከእኔ አንድ ነገር ውሰዱ፤ ከእሷ ጋር በሒሳብ አትከራከሩ፤ አታሸንፏትም። ቀድማችሁ ክፈሉ። የአልጋውንም የጀልባውንም ቀብድ እሷ ቦርሳዋን ሳትከፍት በፊት ጨርሱት። እኛ እንደዚያ ነው ያደረግነው። እዚያ ስትደርስ የቀረ ሒሳብ የለም።

አሁን ጤናን በተመለከተ፣ ምክንያቱም «ሐይቅ» ሲባል ሁላችሁም የምታስቡት ዋና ነው። ዝዋይ ውስጥ አትዋኙ! እግራችሁንም አትንከሩ። ሐይቁ ቢልሃርዝያ አለበት። ትሉ ዳር ዳር ካሉት ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ ሳታውቁት ይዛችሁት ትመለሳላችሁ። መድኃኒት አለው፣ ግን ለምን ብላችሁ? ጉማሬም አለ፤ ከጀልባ ላይ ራቅ ብሎ ማየቱ ደስ ይላል፤ ጀልባ ነጂውን «ጠጋ በል» እያሉ መወትወት ግን የጀግንነት ምልክት አይደለም። ማታ ማታም ሣር ሊግጥ ስለሚወጣ ሐይቁ ዳር አትንሸራሸሩ። ወባም አለ፤ በተለይ ክረምቱ እንዳለፈ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። የምታድሩበት ክፍል አጎበር መኖሩን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ እኛ አንዱን ሆቴል የተውነው «ትንኝ የለም» ብለው ሲምሉልን ግድግዳው ላይ አራት ስለቆጠርን ነው።

ታዲያ እትዬ እግሯን ሳትነክር ልትመለስ? ለሷ ዋናው እሱ አይደል? ለዚህ ደግሞ ላንጋኖ አለላችሁ። ከዝዋይ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ውሃው ቡናማ ነው፤ መልኩን አትዩ፣ ከቢልሃርዝያ ነፃ በመሆኑ የሚታወቅ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች ለቀን መዝናኛ መግቢያ ያስከፍላሉ፤ እሱንም በጀቱ ውስጥ አስገቡት። ዕቅዱ እንዲህ ሆነ፤ ዓርብ ከሰዓት ተነሥተን በቀን ዝዋይ እንገባለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ደሴት፤ እሑድ ጠዋት ላንጋኖ፤ ሳይመሽ ወደ ቤት። ሌሊት አንነዳም። ሾፌራችንም ከመነሣታችን በፊት በዚያው ሳምንት መንገዱን የሄዱ ባልደረቦቹን ይጠይቃል፤ እናንተም ይሄን አትዝለሉት።

የቀረው የአልጋው ጉዳይ ነበር። የያዝነው ሦስት ክፍል ነው። እናቴ «ልጅቷ ከኔ ጋር ናት፤ ሌሊት ትገላበጣለች» አለች። እትዬ ዝም። አክስቴ ወደኔ አየች፤ እኔ ወደ ጣሪያው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከአያቷ ጎን የተኛችን ልጅ በአንድ ቀን ከእቅፏ አውጡ ማለትም ግፍ ነው፤ እትዬንም ከአክስቴ ጋር ወርውሮ ማሳደር ግፍ ነው። በመጨረሻ ትልቅ አልጋና ትንሽ አልጋ ያለውን ክፍል ለሦስቱ ሰጠናቸው። ማን የት እንደሚተኛ ልጅቷ ትምረጥ ተባለ።

ትናንት ማታ ይቺው ልጅ እየጻፍኩ ሳለ መጥታ ክርኔን ጎተተችኝ። «እትዬ ዋና ትችላለች?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ፤ ራሷን ጠይቂያት።»

ትንሽ ቆመች። ሄደች። ከጓዳ በኩል ሁለት ድምፅ ሰማሁ፤ አንዱ እየጠየቀ፣ አንዱ እየሳቀ። ቆየት ብላ ተመለሰችና «አትችልም፤ እኔም አልችልም። ዳር ዳር ብቻ አብረን ነው የምንገባው» ብላ ነግራኝ ሄደች።

የፊታችን ዓርብ ስምንት ሰዓት እንነሣለን። ባለ ጀልባው ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጠብቀናል። ጀበናውን በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ስኒዎቹም ተቆጥረዋል፣ ስድስት ናቸው፤ ትንሿም የራሷን ስኒ ካልያዝኩ አልሄድም ስላለች።